የልብ ጡንቻን የደም ፍሰት በኤምአርአይ በቁጥር መለካት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው የልብ ኤምአርአይ ለሚያነሱ የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስቶች፣ ምስሉን ለሚያነቡ ሐኪሞችና በሥልጠና ላይ ላሉ ሬዚደንቶች ነው። ለምርመራው ቀጠሮ የያዘ ሰው ደግሞ ስለ ቡና የሚናገረውን መልስ ቢያነብ ይበቃዋል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በዓይን ማንበብ እየተቻለ ቁጥር ለምን አስፈለገ?

በዓይን ስናነብ የምናደርገው አንዱን የልብ ግድግዳ ከሌላው ጋር ማወዳደር ነው። ደም ያነሰው ቦታ ጠቁሮ የሚታየን አጠገቡ በደንብ የሚደምቅ ጡንቻ ስላለ ነው። ሦስቱም ዋና ዋና የኮሮናሪ ቧንቧዎች ከጠበቡ ግን የሚወዳደር ደኅና ግድግዳ አይኖርም። ትልልቆቹ ቧንቧዎች ንጹሕ ሆነው ችግሩ ጥቃቅኖቹ ላይ ሲሆንም እንደዚሁ ነው፦ ጡንቻው ዙሪያውን እኩል ይደበዝዛል፤ አንባቢውም "ጤነኛ" ብሎ ይጽፋል። የቁጥር ልኬት ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

የዓይን ንባብ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። በ2012 የታተመው፣ 752 ታካሚዎችን ያሳተፈው የእንግሊዙ ሲኢ-ማርክ ጥናትም ሆነ በ2019 የታተመው የኤምአር-ኢንፎርም ጥናት በዓይን ንባብ የተሠሩ ናቸው፤ ሁለቱም ዘዴው እንደሚያስተማምን አሳይተዋል። በ2020 ደግሞ ለንደን ውስጥ 1049 ታካሚዎችን የተከታተለ ጥናት በስትረስ ጊዜ (ቧንቧዎቹ በመድኃኒት ሲሰፉ) የተለካው ፍሰት ዝቅ ባለ ቁጥር ሞትና ከባድ የልብ አደጋ እንደሚጨምር አሳይቷል። ቁጥሩ ከዓይን ንባቡ ጎን ለጎን የሚሄድ እንጂ የሚተካው አይደለም።

የሚለካው ምንድን ነው? ስንት ሲሆን ነው ደኅና የሚባለው?

አንድ ግራም የልብ ጡንቻ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ሚሊ ሊትር ደም እንደሚደርሰው ነው። ጤናማ ልብ በዕረፍት ከ0.6 እስከ 1.2 አካባቢ፣ ቧንቧዎቹ በመድኃኒት ሲሰፉ ደግሞ ከ2 እስከ 4 አካባቢ ያሳያል። የስትረሱ ለዕረፍቱ ሲካፈል የሚገኘው የፍሰት መጠባበቂያ ከ2 በታች ከወረደ ያጠራጥራል። የታተሙ መቁረጫ ቁጥሮች አሉ፤ በ2019 የወጣ ጥናት ለአንድ ክልል የስትረስ ፍሰት 1.94ን ተጠቅሟል። ይህ ቁጥር ግን የዚያ ሴኩዌንስ (የምስል አነሳስ ዘዴ) እና የዚያ ቀመር ቁጥር ነው፤ በሌላ ማሽንና በሌላ ሶፍትዌር ላይ እንዳለ አይሠራም።

ታካሚው ቡና ጠጥቶ ቢመጣስ?

ቀጠሮው ይተላለፋል። ቧንቧዎቹን ለማስፋት የሚሰጠው መድኃኒት፣ አዴኖሲን፣ የሚይዘውን መቀበያ ካፌይን ቀድሞ ይይዝበታል። መድኃኒቱ እየገባ፣ ታካሚው ሙቀትና የደረት መጨነቅ እየተሰማው እንኳ ቧንቧዎቹ የሚገባቸውን ያህል ላይሰፉ ይችላሉ። የሚወጣው ቁጥር በሁሉም ግድግዳ ላይ እኩል ዝቅ ያለ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ የጥቃቅን ቧንቧዎች በሽታ መልክ ነው። በአንድ ስኒ ቡና የተነሳ ሰው የሌለበትን በሽታ ስም ይዞ ይሄዳል።

ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ቢቻል 24 ሰዓት ከካፌይን መታቀብ ያስፈልጋል። ቀጠሮው ሰኞ ጠዋት ከሆነ የእሑድ ቡና ላይ አቦሉም ቶናውም በረካውም ይቀራል ማለት ነው። "ቡና ጠጥተዋል?" ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ "አልጠጣሁም" ያሉት እናት ጠዋት ሻይ ጠጥተው ሊሆን ይችላል። ሻይ፣ ኮላ፣ የኃይል መጠጥ፣ ቸኮሌት፣ "ካፌይን የሌለው" የሚባለው ቡና ሳይቀር በየስሙ ይጠየቅ። የራስ ምታት ክኒንም እንዲሁ፦ አንድ ፓናዶል ኤክስትራ 65 ሚሊ ግራም ካፌይን አለው። ለአስም የሚሰጡት ቲዮፊሊንና አሚኖፊሊንም መቀበያውን ይዘጋሉ። ዳይፒሪዳሞል በተቃራኒው የአዴኖሲንን ኃይል ስለሚያባብስ አስቀድሞ መቆም አለበት።

አዴኖሲን እንዴት ይሰጣል? ለማን አይሰጥም?

የተለመደው መጠን በኪሎ በደቂቃ 140 ማይክሮ ግራም ሲሆን ምስሉ ከመነሳቱ በፊት ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይፈስሳል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በደቂቃ 9.8 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ በሚሊ ሊትር 3 ሚሊ ግራም የያዘ ብልቃጥ ከሆነ ፓምፑ በሰዓት 196 ሚሊ ሊትር ላይ ይስተካከላል። ፓምፑ ከማግኔቱ ክፍል ውጭ ከሆነ ረጅሙ ቱቦ ራሱ ብዙ ሚሊ ሊትር ይይዛል። ቱቦው አስቀድሞ በመድኃኒቱ ካልተሞላ ሰዓት የተያዘበት የመጀመሪያው ደቂቃ የሳላይን ደቂቃ ነው። ሌላው የማስፊያ መድኃኒት፣ ሬጋዴኖሰን፣ ይቀላል፦ ለሁሉም ክብደት 0.4 ሚሊ ግራም በአንድ ጊዜ፣ ተከትሎ ሳላይን፤ ከአንድ ደቂቃ ጥቂት አለፍ ሲል ምስሉ ይጀመራል።

ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ደረጃ የኤቪ ብሎክ ኖሮት ፔስሜከር የሌለው፣ ደረቱ በአስም እያፏጨ ያለ፣ የላይኛው የደም ግፊቱ ከ90 በታች የሆነ፣ ወይም ልቡ ገና ያልተረጋጋ ታካሚ አዴኖሲን አይሰጠውም። አሚኖፊሊን አጠገብ ይቀመጥ። አዴኖሲን ራሱ ግን ፓምፑ ሲቆም በሰከንዶች ውስጥ ከደም ይጠፋል፤ ስለዚህ ችግር ሲመጣ የመጀመሪያው እርምጃ ፓምፑን ማቆም ነው።

ካኑላ ለምን በሁለቱም ክንድ ላይ?

አዴኖሲኑና ኮንትራስቱ (ደሙን በምስሉ ላይ የሚያደምቀው መድኃኒት) በአንድ መስመር ከሄዱ፣ በሰከንድ 4 ሚሊ ሊትር የሚገፋው ኮንትራስት ቱቦው ውስጥ ያለውን አዴኖሲን ጠራርጎ በአንድ ጊዜ ወደ ልብ ይልከዋል፤ ልብ ለጥቂት ሰከንዶች ሊቆም ይችላል። የግፊት መለኪያው ጨርቅ የሚታሰረው በኮንትራስቱ ክንድ ላይ ነው፤ አዴኖሲኑ ክንድ ላይ ከሆነ በተነፋ ቁጥር መድኃኒቱን ያቆመዋል። ኮንትራስቱ ሊገፋ ሲል ደግሞ የጨርቁ መነፋት መቆም አለበት።

ኮንትራስቱ በኪሎ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሞል ይሰጣል፤ ለቁጥር ልኬት ዝቅተኛውን እንመርጣለን። ለ70 ኪሎ ሰው 3.5 ሚሊሞል ነው፦ ጋዶቡትሮል ከሆነ 3.5 ሚሊ ሊትር፣ ጋዶቴሬት ከሆነ 7 ሚሊ ሊትር። ሁለቱን አምታቶ እጥፍ ወይም ግማሽ መስጠት ቀላል ስለሆነ ኢንጀክተሩ ላይ የመድኃኒቱ ስም ይጻፍ። ካኑላው 20 ጌጅ ወይም ከዚያ የሰፋ፣ ክርን መታጠፊያ ላይ፣ ክንዱም የተዘረጋ ይሁን። ተከታዩ ሳላይን ከ20 ሚሊ ሊትር ያላነሰ፣ ፍጥነቱም የኮንትራስቱ ይሁን።

የምስሉ ድምቀት ለምን በቀጥታ ወደ ፍሰት አይቀየርም?

አብዛኛው የተሳሳተ ቁጥር የሚወለደው እዚህ ነው። ፍሰትን ለማስላት ሁለት ከርቭ (ድምቀቱ በጊዜ ውስጥ ሲለዋወጥ የሚያሳይ መስመር) ያስፈልጋል፦ አንዱ ከግራው ታችኛ የልብ ክፍል ደም፣ ሌላው ከጡንቻው። ቀመሩ "ይህን ያህል ኮንትራስት በደም መጣ፣ ይህን ያህሉ ጡንቻ ውስጥ ገባ" እያለ ያሰላል። ችግሩ ማሽኑ የሚያየው የኮንትራስቱን መጠን ሳይሆን የቲ1ን (ማግኔታይዜሽኑ ተመልሶ የሚያገግምበትን ጊዜ) ማጠር መሆኑ ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ድምቀቱ እኩል አይጨምርም።

እናስላው። በ1.5 ቴስላ የደም ቲ1 ወደ 1600 ሚሊሰከንድ ነው። የኮንትራስቱን ሪላክሲቪቲ (ቲ1ን የማሳጠር ኃይሉን) 4.5 ብንይዝ፣ በሊትር 5 ሚሊሞል ሲደርስ ቲ1 ወደ 43 ሚሊሰከንድ፣ በ10 ሚሊሞል ደግሞ ወደ 22 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። ለጡንቻ የሚመቸው የሳቹሬሽን ጊዜ (ማግኔታይዜሽኑ በፐልስ ከጠፋ በኋላ ምስሉ እስኪነሳ ያለው ጊዜ) 100 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ በዚህ መቼት 5 ሚሊሞል ያለው ደም ከሙሉ ድምቀቱ 90 በመቶ፣ 10 ሚሊሞል ያለው ደግሞ 99 በመቶ ይሰጣል። ኮንትራስቱ እጥፍ ሆኖ ድምቀቱ የጨመረው በአንድ አሥረኛ ብቻ ነው። የከርቩ ጫፍ ተቆርጧል። የሳቹሬሽን ጊዜውን ወደ 10 ሚሊሰከንድ ብናሳጥረው ግን 21 እና 37 በመቶ እናገኛለን፤ ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ ቀመሩ ወደ ትክክለኛው መጠን ሊመልሰው ይችላል።

ጫፉ ሲቆረጥ ደሙ ያነሰ ኮንትራስት ይዞ የመጣ ይመስላል፤ ስለዚህ ጡንቻው ከተገቢው በላይ የወሰደ ሆኖ ይሰላል፣ ፍሰቱም ይጋነናል። "ስትረሱም ዕረፍቱም እኩል ስለሚጋነኑ ሲካፈሉ ስህተቱ ይጣፋል" የሚል ክርክር በየጊዜው እንሰማለን። አይጣፋም። በስትረስ ልብ ብዙ ደም ስለሚረጭ ኮንትራስቱ ይበልጥ ይቀጥናል፤ በዕረፍት ደግሞ ወፍራም ሆኖ ይመጣል፣ ጫፉም የባሰ ይቆረጣል። የዕረፍቱ ቁጥር ይበልጥ ይጋነንና መጠባበቂያው ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይወጣል።

ለዚህ መፍትሔው ምንድን ነው? ሁለት መርፌ ወይስ ሁለት ሴኩዌንስ?

ሁለቱም ይሠራሉ። በሁለት መርፌው ዘዴ መጀመሪያ አሥር እጥፍ የቀጠነ ኮንትራስት ይሰጣል፤ የደሙ ከርቭ ከዚህ ይወሰድና በ10 ይባዛል። ከዚያ ሙሉው ይሰጣል፣ የጡንቻው ከርቭም ከዚህ ይወሰዳል። የሁለቱ መጠንና ፍጥነት አንድ መሆን አለበት፤ ከላይ ባለው ምሳሌ 0.7 ሚሊ ሊትር ጋዶቴሬት ከ6.3 ሚሊ ሊትር ሳላይን ጋር ተቀላቅሎ 7 ይሞላል። ድክመቱም እዚሁ ነው፦ መርፌ ውስጥ 0.7ን በትክክል መለካት አስቸጋሪ ነው፤ 0.77 ከተቀዳ የደሙ ከርቭ በ10 በመቶ ያድግና ፍሰቱ በ9 በመቶ ያህል ይወርዳል። ቱቦው ውስጥ የቀረ ሙሉ ኮንትራስት ካለማ ውጤቱ ጨርሶ አይታመንም።

ሁለት ሴኩዌንሱ አንድ መርፌ ብቻ ይፈልጋል። በየልብ ምቱ መጀመሪያ ላይ ማሽኑ አነስተኛ ጥራት ያለው፣ የሳቹሬሽን ጊዜው በጣም ያጠረ አንድ ምስል ለደሙ ያነሳል፤ ከዚያ የጡንቻዎቹን ቁራጮች በተለመደው መቼት ያነሳል። በ2017 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች የፒተር ኬልማን ቡድን ያሳተመው፣ ካርታውን እዚያው ማሽኑ ላይ ሠርቶ የሚያወጣው ዘዴ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ሴኩዌንሱ ማሽናችሁ ላይ ካለ ይህን ምረጡ፤ ከሰው እጅ የሚመጣውን ስህተት ይቀንሳል።

ምስሉ ሲነሳ ምን ምን ይስተካከላል?

ሦስት የአጭር ዘንግ ቁራጮች፣ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ በየልብ ምቱ፣ ወደ 60 ምት ያህል። የፒክስሉ ስፋት ከ2.5 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ቴክኖሎጂስቱ በዕረፍት ጊዜ መቼቱን ሲያስተካክል ልቡ በደቂቃ 70 ይመታል፤ በአንድ ምት ውስጥ 857 ሚሊሰከንድ አለ። አዴኖሲን ሲገባ ልቡ 100 ይደርሳል፤ ጊዜው ወደ 600 ይወርዳል። ሦስቱ ቁራጮችና የደሙ ምስል በ600 ካልገቡ ማሽኑ አንድ ምት እየዘለለ ያነሳል፣ ከርቩም ነጥብ ይጎድለዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ለ110 ምት የሚበቃ ቦታ ይተው።

ከኮንትራስቱ በፊት የሚነሱት የፕሮቶን ዴንሲቲ ምስሎች የኮይሉን (የምልክት መቀበያውን) ያልተስተካከለ ድምቀት ለማረም ያገለግላሉ። መርፌው ቸኩሎ ኮንትራስቱ በእነዚህ ምስሎች ላይ ከደረሰ እርማቱ በሙሉ ይበላሻል። ከእነርሱ በኋላ ቢያንስ አምስት ስድስት ንጹሕ ምት ይኑር።

በ3 ቴስላ ተጨማሪ ጣጣ አለ፦ የሳቹሬሽን ፐልሱ በልቡ ሁሉ እኩል አይሠራም። 5 በመቶ ያልጠፋ ማግኔታይዜሽን ቢቀር ትንሽ ይመስላል። በ10 ሚሊሰከንድ ግን ኮንትራስት የሌለው ደም የሚሰጠው ድምቀት 0.6 በመቶ ብቻ ነው፤ ቅሪቱ ከመነሻው ስምንት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ የተሠሩ የፐልስ ተከታታዮች ስላሉ በተራው ባለ 90 ዲግሪ ፐልስ አትርኩ።

ትንፋሽ መያዝ ለማይችል ሰው?

በዝግታ ይተንፍስ፣ ሶፍትዌሩ እንቅስቃሴውን ያርም። እስከ መሃል ይዞ በድንገት በረጅሙ የሚለቅ ታካሚ ከማንም የከፋ ምስል ይሰጣል።

ስትረሱ መሥራቱ በምን ይታወቃል?

የልብ ምት ከ10 በላይ መጨመሩ፣ ወይም የላይኛው ግፊት ከ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ መውረዱ፣ ከሚሰማው ስሜት ጋር ይታያል። ከነዚህ ይልቅ የሚያሳምነው ጣፊያው ነው። አዴኖሲን ሲሠራ የጣፊያ ቧንቧዎች ይጠባሉ፤ በዕረፍቱ ምስል ቦግ ብሎ የሚታየው ጣፊያ በስትረሱ ጠቁሮ ይቀራል። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። በሁለቱም እኩል ከደመቀ ዝቅተኛውን የስትረስ ቁጥር አትመኑት። ይህ ምልክት ለሬጋዴኖሰን አያስተማምንም።

ምላሹ ደካማ ከሆነ ምስሉ ከመነሳቱ በፊት የአዴኖሲኑን መጠን በኪሎ በደቂቃ ወደ 170፣ ከዚያ ወደ 210 ማይክሮ ግራም ማሳደግ ይቻላል።

የዕረፍቱ ፍሰት ከፍ ብሎ መጠባበቂያው ቢወርድስ?

በዕረፍት የሚኖረው ፍሰት ልብ በሚሠራው ሥራ ልክ ነው። ልቡ በደቂቃ 90 የሚመታ፣ ግፊቱ 150 የሆነ፣ ማሽን ውስጥ ገብቶ የፈራ ሰው የምቱና የግፊቱ ብዜት 13,500 ይሆናል። ፍሰቱ 1.2 ቢለካ በ13,500 ተካፍሎ በ10,000 ሲባዛ 0.89 ይሆናል፤ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ያልታረመው መጠባበቂያ ዝቅ ያለው ስትረሱ ስላነሰ ሳይሆን ዕረፍቱ "ዕረፍት" ስላልሆነ ነው። እርማቱ ለዕረፍቱ ብቻ ነው የሚሠራው። ዕረፍቱ ከስትረሱ ቀጥሎ ከተነሳ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠበቅ፤ ከመጀመሪያው መርፌ የቀረው ኮንትራስትም የሁለተኛውን መነሻ ቲ1 ስለሚያሳጥረው ሶፍትዌሩ ይህን ማረሙ ይረጋገጥ።

የትኛው ቀመር ይሻላል?

ፌርሚ የሚባለው ቀመር ቀላልና የምስል ጫጫታ የሚችል ነው፤ ኮንትራስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በልብ ሲያልፍ ያለውን ብቻ ስለሚጠቀም መነሻና መድረሻ ምቱን በትክክል መምረጥ ይጠይቃል። ሌሎቹ ኮንትራስቱ ከቧንቧ ወደ ሴሎች መካከል መሹለኩንም ያሰላሉ፤ ብዙ ያልታወቁ ቁጥሮች ስላሏቸው ጥሩ ምስል ይፈልጋሉ። በእኛ እይታ የቀመሩ ምርጫ ከደሙ ከርቭ ትክክለኛነት ያነሰ ክብደት አለው። አንዱን መርጦ አለመቀያየር ይበልጣል።

አሃዱንም ጠይቁ። አንዳንድ ሶፍትዌር የሚሰጠው የፕላዝማ ፍሰት ነው፤ ሄማቶክሪቱ (በደሙ ውስጥ የቀይ ሴሎች ድርሻ) 0.45 ለሆነ ሰው 1 የፕላዝማ ፍሰት 1.8 የደም ፍሰት ነው። በግራም ሳይሆን በሚሊ ሊትር ጡንቻ የሚያሰላም አለ፤ እርሱ የሚያመጣው ልዩነት 5 በመቶ ያህል ነው።

ካርታው ያማረ ሆኖ ቁጥሩ የሚሳሳተው መቼ ነው?

ባለ ቀለም ካርታ ምንጊዜም ያማረ ነው፤ ስለዚህ ከርቮቹን ሳታዩ ካርታውን አትመልከቱ። የደሙ ከርቭ ሹል ጫፍ ይኑረው። ጫፉ ጠፍጣፋ ከሆነ ተቆርጧል፤ ዝቅና ሰፊ ከሆነ መርፌው ዘግይቷል ወይም ክንዱ ታጥፏል።

ቀጥሎ የውስጠኛውን ጠርዝ እዩ። ደምና ጡንቻ በሚገናኙበት መስመር ላይ አንድ ፒክስል የሚያህል ጥቁር ቀለበት ሊታይ ይችላል። እውነተኛ የደም ማነስ ጡንቻው መድመቅ ሲጀምር ይታያል፣ ለብዙ ምት ይቆያል፣ የአንድ ቧንቧን ክልልም ይከተላል። ሐሰተኛው ግን ደሙ ውስጥ ኮንትራስት ገና ሲደርስ፣ ጡንቻው ሳይደምቅ ብቅ ብሎ በጥቂት ምት ይጠፋል። ፒክስሉ ሲያንስ ቀለበቱም ይቀጥናል።

የላይኛው ቁራጭ ወደ አኦርታ መውጫ ከተጠጋ የመሃል ግድግዳው ቀጭን ሽፋን እንጂ ጡንቻ አይደለም፤ እዚያ የሚታየው ዝቅተኛ ፍሰት በሽታ አይደለም። የድንበር መስመሩ ደም ከነካ ፍሰቱ ይዛባል፤ ከውስጥም ከውጭም ጥቂት ገባ ብሎ ይሠመር። የባይፓስ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ላይ ደግሞ ደሙ በረጅም ቧንቧ ዞሮ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ቀመሩ የመዘግየቱን ጊዜ ለየክልሉ ካላሰላ ፍሰቱን ያሳንሰዋል።

የልብ ምቱ ያልተስተካከለ ታካሚ ይለካል?

ይለካል፣ የከርቩ የጊዜ መስመር በምት ቁጥር ሳይሆን ምስሉ በተነሳበት ትክክለኛ ሰዓት ከተሠራ። ሶፍትዌሩ "እያንዳንዱ ምት እኩል ነው" ብሎ ካሰላ ውጤቱን ተዉት።

ኩላሊቱ ለደከመ ሰው?

የኩላሊቱ የማጣራት መጠን (ኢጂኤፍአር) ከ30 በታች ከሆነ ከኔፍሮሎጂ ሐኪም ጋር ይመከርበት። ጋዶቡትሮል፣ ጋዶቴሬትና ጋዶቴሪዶል አደጋቸው በጣም አነስተኛ ከሚባሉት ናቸው።

ያለፈው ዓመት 2.4 ነበር፣ ዘንድሮ 2.0 ሆነ። ወርዷል ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። የአንድ ጤነኛ ሰው ፍሰት በተለያየ ቀን ሲለካ ራሱ ይለዋወጣል። መጀመሪያ የራሳችሁን ማሽን ልዩነት እወቁ፦ ጥቂት ፈቃደኞችን በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ ለኩና የአንድ ሰው የልዩነት መጠን በመቶኛ ይሰላ፤ ያንን በ2.77 አባዙት። ለምሳሌ 12 በመቶ ቢወጣ፣ 33 በመቶ ያልሞላ ለውጥ ከልኬቱ መወላወል አይለይም። ከ2.4 ወደ 2.0 መውረድ 17 በመቶ ነው። ሶፍትዌሩ በመሃል ከታደሰ ደግሞ የቆየው ጥሬ ምስል በአዲሱ እንደገና ይሰላ።

ሪፖርቱ ላይ ምን ይጻፍ?

የስትረስና የዕረፍት ፍሰት የልብ ግድግዳው በሚከፈልባቸው 16 ክልሎችና በአማካይ፣ መጠባበቂያው፣ በሁለቱም ጊዜ የነበረው የልብ ምትና የደም ግፊት፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ ጣፊያው መጥቆር አለመጥቆሩ፣ የመጨረሻው ካፌይን የተወሰደበት ሰዓት፣ የኮንትራስቱ ስምና መጠን፣ የሴኩዌንሱ ዓይነት፣ የሶፍትዌሩ ስሪት። በጥራት ጉድለት የተተወ ክልል ካለ ባዶ ይተውና ምክንያቱ ይጻፍ፤ ከጎረቤት ክልል አማካይ ተወስዶ አይሞላ።